የቦራን ኪሎ ማን አወጣው

የካቲት 21፣ ጠዋት 1፡30

ፋጉሎው ተነክሯል። ጭዱ ተዘርግፏል። ቦራ ይበላል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ስማኝ ደብተር። ከባ/ዳር እስከ ወረታ፣ በጣና ዳር ሁሉ፣ ከእኔ ቦራ የሚተልቅ በሬ የለም። ሚኒባስ ያህላል። እሺ፣ ሚኒባስ አያህልም። ባጃጅ ግን ያህላል፤ ያውም ከኋላ ሦስት ሰው የጫነ። (ባ/ዳር ምህጻረ ቃል ይባላል። መምህሩ ሲያስተምሩን ወዲያው ነው የገባኝ። ቀለም ይቆጥባል።)

በጎልማሶች የማታ ትምህርት አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ማለት፣ አንደኛ የወጣችው ይታይሽ ናት። ሚስቴ ስለሆነች ማዕረጉ ከቤቴ አልወጣም።

ለምን እንደምጽፍልህ ልንገርህ። ሰው አላምንም። አንተ አፍ የለህም። አርባ ዓመት ሙሉ ጽሑፍ የሌላ ሰው ምሥጢር ነበር። ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ደብዳቤ ይመጣል፣ ሌላው አንብቦ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔ ፊቱን አይቼ ክፉ ይሁን ደግ እገምታለሁ። አሁን ተራው የእኔ ነው። ምሥጢሬን እጽፋለሁ፣ እከድንሃለሁ፣ ጎተራው ሥር እወሽቅሃለሁ። ተቆለፈ ማለት ነው።

የካቲት 22፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ጣጣዬን ነገርሁህ? አልነገርሁህም። ይኸው።

ሁለት በሬ አለኝ፣ ቦራና ዳልቻ። አንድ ጥማድ። ያለፈው ክረምት ዘግይቶ ገብቶ ቸኩሎ ወጣ። የድርቆሹ ክምር ከወገቤ አልዘለለም። ድሮ ይህን ያህል አያሳስብም። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ ለምለም ሳር ትቶልን ይሄዳል፣ ከብቱ እሱን እየጋጠ ግንቦትን ይሻገራል። ዘንድሮ ቀድሞ ሸሸ። ትቶት የሄደው እምቦጭ የሚሉትን አረም ነው። ከብት ሲርበው ይበላዋል፣ ከዚያ ሆዱ ይላላል፣ ከዚያ አንተ ታለቅሳለህ።

ለሁለት በሬ የሚበቃ መኖ የለኝም። ቦራን ከጥር ጀምሮ እየቀለብሁት ነው፤ የኑግ ፋጉሎ ከግሽ አባይ ዘይት መጭመቂያ፣ አተላ ከጎረቤት። ሐሳቤ ለፋሲካ ዋዜማ አውጥቼ ገበያውን ማስደንገጥ ነው። አባቴ እንደዚያ ያደርጉ ነበር።

የምፈራው አንድ ነው። መኖው ከፋሲካ በፊት ካለቀ ሁለቱም ይከሳሉ። የከሳ በሬ አይሸጥም፣ አያርስም። ሰኔ ሲመጣ ቀንበር ተሸክሜ ባዶ ማሳ ላይ እቆማለሁ። ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል ልል ነበር፤ ይታይሽ ግን ማንኮራፋትህ ከሐይቁ ማዶ ይሰማል ትላለች።

የካቲት 23፣ ረፋድ

ወ/ሪት ሰላም መጣች። የወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ናት። ሞተር ትነዳለች፣ ቦቲ ታጠልቃለች፣ ሳቂታ ናት። ሳቂታ ሰው ያሳስበኛል። በዚህ ሰፈር ሰው የማስቅ እኔ ነኝ፤ እኔ ሳልናገር የሚስቅ ምን አግኝቶ ነው?

ቦራን ልለካው አለች። ድልብ በሬ ለሰው አይታይም፣ ዓይን ይበላዋል። በር ተዘግቶ፣ ጨለማ ውስጥ ነው የሚቀለበው፤ አባቴም እንዲህ፣ አያቴም እንዲህ። እሷ ግን መንግሥት ናት። መንግሥትን ዓይንሽን ጨፍኚ አይሉትም። የቦራ ግንባር ላይ ጥላሸት ቀባሁና አስገባኋት።

ሜትር አወጣች። ደረቱን ከሻኛው ኋላ ዞረችበት፣ ከያዘችው ሠንጠረዥ ላይ አየች። ጮክ ብላ ልትናገር ስትል ጣቴን አፌ ላይ አደረግሁ። በጆሮዬ ነገረችኝ። ሦስት መቶ ሰባ ኪሎ። ነግራኝም ሳቀች።

ቀጥላ ምክር። አሁኑኑ ሽጠው ነው ነገሩ። በሁዳዴ ጾም! ሥጋ ቤቱ በተዘጋበት ወር! እሷ እንደምትለው ቦራ አሁን የሚይዘውን ሥጋ ይዟል። ከእንግዲህ የሚበላው ፋጉሎ ዋጋው ከሚጨምረው ሥጋ ይበልጣል። ለፋሲካ ደግሞ መኖ ያለቀበት ሁሉ በሬውን እየጎተተ ስለሚወጣ ዋጋው ይሰበራል። እኔ አሁን ልሽጥና በከፊሉ ለዳልቻ የሩዝ ገለባ ልግዛ። ሐይቁ ዳር ባለችኝ ቁራሽ መሬት ደሾ የሚባል ሳር ልትከል፤ ውሃው ከእግሬ ሥር ስለሆነ በበጋም ይበቅላል፣ ዝናብን ብቻ መጠበቅ ያበቃል።

ያማረ ንግግር ነው። ያማረ ንግግር ከጀርባው ሰው አለው።

አንድ ጆንያ የደሾ ችግኝ ሰጠችኝ። በነጻ። ሌሎች አሥር አባወራም ተመዝግበዋል፤ እኔ ሞክሬው ሲይዝ ለእነሱ ይታደላል። ለምን እኔ መጀመሪያ? የመንግሥት ሳር የበቀለበት መሬት ነገ የማን ይባላል? ይህን ጥያቄ አንተ ዘንድ አስቀምጫለሁ።

ስትሄድ ኪሎው እንዳይጠፋኝ ከሰል አነሳሁና የበረቱ በር ላይ ጻፍሁት። ቦራ 370። ክንድ የሚያህል ፊደል። ይታይሽ ደብተር እያለህ ለምን በር አለች። ደብተሩ ጠበበኝ አልኋት። ለአንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እጄ አላርፍ ብሎ ነው። ሰባቷ በጣም ቆንጆ ወጣች። እየተመላለስሁ አየኋት።

የካቲት 27፣ ጠዋት 12፡45

መርዶ። ጉማሬ መጣብን። የተከልሁትን ደሾ ሙልጭ አድርጎ በልቶታል፣ አንድ ሥር አላስተረፈም። ዱካው ከውሃው ተነስቶ እስከ ችግኝ መደቡ ተሰድሯል። ድብልብል፣ ጥልቅ። እንዲህ ያለ ጉማሬ በዕድሜዬ አላየሁም።

ለወ/ሪት ሰላም ደወልሁ። በሞተሯ ከንፋ መጣች። ዱካውን በስልኳ ፎቶ አነሳች። ሜትሯን አውጥታ አንዱን ዱካ ለካች። የምትስቅ ሰው ሳትስቅ ስትለካ ይከፋል። ምን አስባ ነው? ጉማሬ ሳሩን የበላበት ሰው ደግሞ ይጠረጠራል?

ይታይሽ ሙቀጫዬን ማን በጭቃ ለወሰው ብላ ጓሮ ትጮሃለች። እኛ ጉማሬ መጥቶብናል፣ እሷ የሙቀጫ ነገር።

የካቲት 30፣ ከሰ. 10

አያ ጥላሁን እምቦጭ ሲጎትት ውሎ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ መጣ። ጎረቤቴ ነው። ቀንጃ ነው፣ ማለት አንድ በሬ ብቻ አለው፤ ጉራቻ የሚሉት። በየዓመቱ ከማን ጋር ልቀናጅ እያለ ሰው ደጅ ይጠናል።

ቦራን ብትሸጠው ምን ይልሃል አለኝ። ዳልቻን ከጉራቻ እንጠምዳለን፣ ተራ በተራ እናርሳለን፣ ሁለታችንም አንዳንድ በሬ ብቻ እንቀልባለን። በዚህ መኖ በጠፋበት ዓመት ሌላ ብልሃት አይታየኝም አለ።

አየህ? ባለሙያዋም ሽጥ። ጎረቤቴም ሽጥ። ሁለት ሰው ሳይመካከር አንድ ቃል ይናገራል? እኔ ቀንጃ ስሆን ማን ነው የሚጠቀመው? ራሱ ቀንጃ የሆነው ነዋ።

ደግሞ ስለ ጉማሬው ጠየቀኝ። ከአሥሩ አባወራ አንዱ እሱ ነው። ሐይቁ ዳር መደቡን ቆፍሮ፣ በእምቦጭ ፍግ አስተካክሎ ጨርሷል። ይህን ያህላል ብዬ በእጄ አሳየሁት። እጄ ሲያንስ ተነስቼ ቆሜ አሳየሁት። ፊቱ ወደቀ። ለአፍታ ደስ አለኝ፣ ከዚያ አልተመቸኝም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ፣ 4 ሰዓት

ቸኩዬ ነው የምጽፍ። ፊደሉ ቢጣመም ትረዳኛለህ።

ሐጂ ኑሩ መጡ። የወረታ የከብት ነጋዴ ናቸው። አባታቸውም ነጋዴ ነበሩ፣ አባቴም ለአባታቸው ነበር የሚሸጡ። ወደ ገበያ ሲያልፉ ከመኪና ወረዱ፣ እስከ በረቱ በር መጡ፣ ሰላምታ ሰጡ። አልገቡም። ቦራን አላዩም። በሩ እንደተዘጋ ነው። ከዚያ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦

«ባንቴ፣ ሦስት መቶ ሰባ ኪሎ ከሆነ ጥሩ እከፍልሃለሁ። አሁን ስጠኝ፤ ለፋሲካ ገበያው ይሞላል።»

ሦስት መቶ ሰባ! በጆሮዬ የተነገረኝ! አይሸጥም አልሁ። እንዲያውም በሬ የለኝም ልል ነበር፣ ቦራ ከውስጥ እምቧ አለብኝ። ሐጂ ፈገግ ብለው ሄዱ።

ሽጥ ያለ ሦስተኛ ሰው። ሦስተኛው ኪሎውን ያውቃል። አሁን ሁሉም ተገጣጠመ። ባለሙያዋ ትለካለች፣ ለነጋዴው ትነግራለች። ነጋዴው በጾም በርካሽ ይወስዳል፣ በፋሲካ ባ/ዳር ላሉ ደመወዝተኞች በውድ ይሸጣል። አያ ጥላሁን ደግሞ ዳልቻን ያገኛል። እኔ? እኔ ሰባቷን እያየሁ እቀራለሁ።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ወጥመድ ዘረጋሁ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዤ አርባ ዓመት ሳልማር መቅረቴ አገሪቱን ጎድቷታል።

ለአያ ጥላሁን፣ እንደ ዋዛ፣ ቦራ ሦስት መቶ አርባ ሆነ አልሁት። ለወ/ሪት ሰላም በስልክ፣ በገመድ ለክቼው ሦስት መቶ ዘጠና ደርሷል አልኋት። ሐጂ ተመልሰው ሲመጡ የትኛውን ቁጥር እንደሚጠሩ አያለሁ። አርባ ካሉ ጥላሁን ነው። ዘጠና ካሉ ሰላም ናት። መረብ ከጣልሁ ዓሣው የማን እንደሆነ ይታያል።

ወ/ሪት ሰላም በስልክ ሳቀች። በገመድ እንዴት ኪሎ ይታወቃል አለችኝ። በጥያቄ ልታጠምደኝ ነው። ዘጋሁት።

መጋቢት 14፣ ጠዋት

ፋጉሎ አለቀ። ግሽ አባይ ወዳለው ዘይት መጭመቂያ ሄድሁ። መንገዱ ሰሞኑን ይዘጋል ይከፈታል፣ ኑግ አልገባም፣ ያለው ዋጋው ጣሪያ ነክቷል። ግማሽ ጆንያ ይዤ ተመለስሁ። እሱን ለቦራ። ለዳልቻ ጭድ ብቻ። የጎኑን አጥንት አንድ ሁለት እያልሁ መቁጠር ይቻለኛል። ሲያየኝ ዓይኑን ከእኔ አይነቅልም፣ ልክ እንደ ባለዕዳው ያየኛል።

ሙቀቱም ሌላ ነው። ገና ጠዋት ቦራ ምላሱን ያወጣል። በረቱ ተዘግቶ ምድጃ ሆኗል። ይታይሽ በሩን ክፈትለት፣ በሬ እንጂ ወርቅ አይደለም የደበቅህ አለች። ዓይንስ? አልኋት። ዓይን ሳይሆን ሙቀት ነው የሚበላው አለች። አንደኛ የወጣች ሴት ማግባት እንዲህ ነው።

ወ/ሪት ሰላም መጥታ እንደገና ልለካው ብላ ለመነች። ተኝቷል አልኋት። ቆሞ ይታይ ነበር፣ በስንጥቁ።

መጋቢት 17፣ ከሰ.

ሻኛው ዘንበል አለ። ወይስ ጥላው ነው? በሩን ትንሽ ከፈትሁ። ለነፋስ ብቻ። ጥላሸቱን ደገምሁ።

ይታይሽንም እጠረጥራለሁ። ኪሎውን የምናውቅ እኔ፣ ሰላምና እሷ ነን። ወንድሟ ወረታ ይሠራል። ወንድሟ ሐጂን ያውቅ ይሆን? ይህን ስጽፍ እሷ ጓሮ ሽንኩርት ታርማለች፣ ታንጎራጉራለች። የሚያንጎራጉር ሰው ንጹሕ ነው? አላውቅም። ዐሥራ ስምንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ስል አፌን ጠበቅሁ። አስጠላኝ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት

ሐጂ መጡ። አርባ ይሉ ይሆን? ዘጠና?

ሦስት መቶ ሰባ አሉ።

ጥላሁን አይደለም። ሰላም አይደለችም። ዞር ብዬ ይታይሽን አየሁ። በረቱ ጥግ ቆማለች። በልቤ ያለው ሁሉ ፊቴ ላይ መጥቶ መሆን አለበት፣ ምን ሆነሃል አለች። እኔም ከዚያ በኋላ አልቻልሁም። ሐጂን በፈጣሪ ስም ለመንኋቸው። የቤቴን ምሥጢር ማን ነው ያወጣብኝ፣ ሚስቴም ብትሆን ይንገሩኝ፣ ልወቀው አልሁ።

ሐጂ መጀመሪያ እኔን አዩ። ቀጥሎ በሩን አዩ። ቀጥሎ በጣታቸው አሳዩ።

«ወንድሜ፣ በርህ ላይ በከሰል ጽፈኸው የለም እንዴ? እኔ እኮ ከመንገድ ሆኜ ነው ያነበብሁት።»

ይታይሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። «ዐሥራ ስምንት ዓመት» አለች፣ ዝቅ ብላ፣ እና ወደ ጓሮ ሄደች።

ጩኸቱን ሰምቶ አያ ጥላሁን መጣ። እሱም አንብቦታል። እንደጻፍሁት ሰሞን ነው ያነበበው። አብረን አይደል የተማርን፣ አጠገቤ ነበር የሚቀመጥ። ለሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣኸው መስሎኝ እኮ ነው ሽጠው ያልሁህ አለኝ። ሦስት መቶ አርባ ስለው ደግሞ፣ መቼም ዋጋ ለማውረድ አይሆንም፣ ምስኪን ቁጥር ጠፋው ብሎ ዝም ብሎኛል። አፈር አውጥቼ ራሴ ላይ ብነሰንስ ደስታዬ።

ለካ ለእኔ የተከፈተው በር ለሁሉም ተከፍቷል። አርባ ዓመት የሌላው ምሥጢር ስለነበር፣ የእኔ ሲሆንም ምሥጢር የሚሆን መስሎኛል።

ሐጂ ወደ ውስጥ ገቡ። የቦራን ሽንጥ በመዳፋቸው ያዝ ለቀቅ አደረጉ። ጽሑፉ እዚያው ነው፣ በሬህ ግን ወርዷል አሉ። ወ/ሪት ሰላምን ጠራሁ። ለካች። ይህን ጊዜ በጆሮዬ አልነገረችኝም፣ ለሁሉም ጮክ ብላ ተናገረች። ሦስት መቶ አርባ አምስት።

ሃያ አምስት ኪሎ። ዓይን አልበላውም። እኔ ነኝ በሩን ዘግቼ ያከሳሁት።

መጋቢት 21፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ቦራ ተሸጠ። ሐጂ በአሁኑ ኪሎው ከፈሉ፤ ከዋጋው በከፊሉ የሩዝ ገለባ ከወረታ ጭነው ይልካሉ። ለዳልቻ እስከ ሰኔ ይበቃል። አያ ጥላሁንም እጄን መታ፣ ዳልቻና ጉራቻ ይቀናጃሉ። ምንም አልሳቀብኝም። የምሸሸው ሰው ሳይሆን የምኮራበት ሆነ።

ሲጫን ገመዱን እኔ ያዝሁ። ግንባሩ ላይ ያለውን ጥላሸት በእጅጌዬ ጠረግሁለት። መኪናው ሲነሳ ቦራ ወደ ኋላ አላየም። እኔ አየሁ።

መጋቢት 22፣ ከሰ. 9

ወ/ሪት ሰላም መጣች። አልሳቀችም። ጽ/ቤቱ የጉማሬውን ዱካ ፎቶ አይቶ ወስኗል። በዚህ ሐይቅ ዳር ጉማሬ ስለሚወጣ ደሾ አይተከልም። ለአሥሩ አባወራ የመጣው ችግኝ ነገ ከቀትር በፊት ተጭኖ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ተከራክሬ ነበር፣ ማስረጃው ግን ግልጽ ነው አሉኝ አለች። ማስረጃው ያለችው ፎቶውን ነው።

አያ ጥላሁን ሰማ። መደቡ ዳር ሄዶ ተቀመጠ። ያለሰለሰውን አፈር በእጁ ይዘግናል፣ ይለቃል። ለሁለቱ በሬ ከርሞም እንዲሁ ገለባ ከወረታ ልንገዛ ነው አለ። ከዚያ፣ ጉማሬን ደግሞ ምን ታደርገዋለህ አለኝ። እኔ ቀልድ ፈለግሁ። አጣሁ።

መጋቢት 23፣ ጠዋት 12፡30

ሌሊቱን አላንኮራፋሁም፣ ይታይሽ ምስክር ናት። እሷም ነቅታ ነበር።

የጭነት መኪናው ከቀትር በፊት ይመጣል። እኔ አሁን ተነስቼ በእግሬ ወደ ወረዳ እሄዳለሁ። ወ/ሪት ሰላም ቢሮ ገብቼ በአፌ እናገራለሁ። ስመለስ ለአያ ጥላሁን። ለይታይሽ ግን መጀመሪያ መንገር ነበረብኝ፣ ፊቷን እያየሁ አልችልም። ስለዚህ ዛሬ ጎተራው ሥር አልወሽቅህም። አንተም በር ነህ፣ ማንም ያነብብሃል፣ ይህን አሁን አውቃለሁ። ይህችን ገጽ ገልጬ፣ ጠዋት እህል ልትወቅጥ ስትል የምታገኝህ ቦታ፣ ሙቀጫዋ ላይ አስቀምጥሃለሁ።

እዚህ ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ ከአንዱ በቀር። ሳሩን አልተከልሁትም። መሬቴን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ ጠረጠርሁ፣ ቦራም ርቦት ነበር፣ ጆንያውን እንዳለ አበላሁት። የካቲት 27 ምንም ጉማሬ አልመጣም። ዱካውን እየተጎነበስሁ አንድ በአንድ ያተምሁት በይታይሽ ሙቀጫ ነው።